ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ስልክ

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ቦታው ከአዲስ አበባ ዳር ካሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች በአንዱ ያለ ጤና ጣቢያ ነው። ማዋለጃ ክፍሉ ሁለት አልጋ አለው። በመሀላቸው ሲባጎ ላይ የተንጠለጠለ ሰማያዊ መጋረጃ አለ። መጋረጃው መሀሉ ላይ ተቀዶ በነጭ ፕላስተር ተይዞ ነበር፤ ፕላስተሩም ለቋል። ግድግዳው ላይ «ፎቶና ቪዲዮ ማንሳት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ከጎኗ የነበረችው ወላድ ቀድማ ተገላገለች። አብራት የገባችው አክስቷ እልልታዋን አቀለጠችው። ወዲያው ስልኳን አውጥታ ቤይሩት ላለችው የወላዷ እናት በኢሞ ደወለች። ከልካይ አልነበረም። አዋላጇ አንድ ናት፤ ሁለት እጇም ሥራ ላይ ነው። አክስትየዋ «አየሻት? አየሻት?» እያለች ስልኩን ወዲህና ወዲያ ታዞረው ነበር።

ከአራት ቀን በኋላ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጣ። ቤይሩት ያለችው አያት ጥሪውን ቀድታው ኖሯል። ደስ የሚል ቪዲዮ ነው። ሕፃኗ ታለቅሳለች፤ ከስልኩ ወዲያ አያቷ ታለቅሳለች። መሀል ላይ ግን ለሁለት ሰከንድ ያህል በመጋረጃው ቅዳጅ የኔ እህት ትታያለች። ፊቷ አይታይም። ጉልበቷ ይታያል፤ ስትገባ ያለበስኳት ነጠላዬም አልጋው ብረት ላይ ተሰቅሎ ይታያል። በጥለቱ ነው የለየሁት።

ለእህቴ ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስንት ሰው አይቶታል?»

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ስለ ጉዳዩ ማንበብና አዋላጆችን መጠየቅ የጀመርኩትም ከዚያ ወዲህ ነው። የደረስኩበትን ከወዲሁ ልናገር። በዙሪያችን ባየኋቸው ጤና ተቋማት ያለው ደንብ ክልከላ ብቻ ነው። ክልከላው ደግሞ ጉዳዩን የጥበቃና የአስተዳደር ጉዳይ ያደርገዋል። መጠየቅ ያለባት ግን አልጋው ላይ ያለችው ሴት ናት። የምትጠየቅበትም ጊዜ ምጥ ሳይጠናባት በፊት ነው።

ነገሩ ግራ ያጋባን የምንወልድበት ቦታ ራሱ ስለተቀየረ ነው። በሀገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በ1997 ዓ.ም. ከ100 ወሊድ በጤና ተቋም የተካሄደው 5 ገደማ ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም. 26 ደረሰ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስ ያለ ጥናት 48 ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥማ ከ10 እናቶች ከ9 በላይ የሚወልዱት በጤና ተቋም ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ ነፃ መሆኑ፣ አምቡላንሱ፣ በየጤና ጣቢያው ለወላድ የሚገነፋው ገንፎና የሚፈላው ቡና ሴቶቻችንን ከቤት አውጥቶ ወደ ባለሙያ እጅ አምጥቷል። ብዙ ነፍስም ተርፎበታል።

ቤት ውስጥ ሲወለድ ግን በሩን የሚጠብቅ ነበር። ወንዶች ደጅ ይቀራሉ። ጎረቤት ሴቶች «ማርያም ማርያም» እያሉ ይለምናሉ። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የምትለው የወላዷ እናት ወይም የሰፈሩ የልምድ አዋላጅ ናት። ከተገላገለች በኋላም አራስ ቤት አለ። የልጁ ፊት በሻሽ ይሸፈናል፤ የሰው ዓይን ይፈራል። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ዘንድ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሱ ድረስ ሕፃን እንደልብ ሰው ፊት አይወጣም። በዓይን ማመንና አለማመን የየሰው ጉዳይ ነው። ልማዱ ግን ወላድንና አራስ ልጅን ማን ይያቸው የሚለው ነገር ዝም ብሎ የሚተው እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። አሁን በሩ ወደ ጥበቃው ተላልፏል። ስልኩን የሚጠብቅ ግን አልተገኘም።

ዳር ሰፈር ላይ ደግሞ ስልኩ ሌላ ትርጉም አለው። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ የገባነው ሰዎች ከየቦታው የተሰባሰብን ነን። ደጃፍ ላይ ቆመው «ማርያም ማርያም» የሚሉት ጎረቤቶች በድሮው ሰፈር ቀርተዋል። እናት ገጠር ናት፣ እህት ዱባይ ናት፣ ባል የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ነው። ወላዷ አጠገብ ሊቆሙ የሚገባቸው ሰዎች ሁሉ የሚገቡት በስልክ በኩል ነው። አክስትየዋን ባሰብኳት ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። ስልኩን ያወጣችው ለመታየት ብላ አልነበረም። አያቲቱን ወደ ክፍሉ ለማስገባት ነበር። ስለዚህ «ስልክ ክልክል ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት የሰውን ችግር አለማየት ነው።

የአዋላጆቹም ወገን ደግሞ መሰማት አለበት። ለምን ስልክ እንደሚያበሳጫቸው ለመረዳት ልጁ ከወጣ በኋላ ያለችውን አንድ ደቂቃ ማየት ይበቃል። ልጁ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይጠረግና እናቱ ሆድ ላይ ይደረጋል። ካልተነፈሰ በዚያችው አንድ ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ፣ ማለትም በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት፣ አየር መስጠት መጀመር አለበት። ባለሙያዎቹ «ወርቃማዋ ደቂቃ» ይሏታል። በዚያችው ደቂቃ እናትየዋ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ትወጋለች። ማህፀኗ እንዲኮማተርና ደም እንዳይፈሳት ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም እናቶችን ከሚገድሉብን ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ልጁ ደህና ከሆነ እትብቱ ቢያንስ 1 ደቂቃ ሳይሞላ ባይታሰር ይመረጣል። ከዚያ የእንግዴ ልጁ ይጠበቃል። የተቀደደ ካለ ይሰፋል። የልጁ ዓይን ቴትራሳይክሊን ይቀባል፤ ቫይታሚን ኬ ይወጋል። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት እናትና ልጅ ገላ ለገላ ተነካክተው ጡት ይጀመራል።

ይህን ሁሉ በሌሊት፣ አንዳንዴም ብቻዋን የምትሠራ ሴት አለች። በዚህ መሀል «እስቲ ትንሽ ዞር በይልኝ፣ ልጁ አልታይ አለኝ» የሚል ሰው ከኋላዋ ሲቆም ምን እንደሚሰማት መገመት አያቅትም። ያነጋገርኳት አንዲት አዋላጅ፣ ካሜራ ሲበራባት ስለ እጇ መሆኑ ቀርቶ ስለ ፊቷ እንደምታስብ ነግራኛለች። ልጁ ሳይተነፍስ ቢቀርና ያ ደቂቃ ተቆርጦ ቴሌግራም ላይ ቢወጣ ሰፈሩ ምን ይለኛል ብላ ትሰጋለች። ስጋቷ እውነት ነው። ከ19 ሰከንድ ቪዲዮ ውስጥ ምጡ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ሪፈር ተጽፎ አምቡላንስ ስንት ሰዓት እንደተጠበቀ አይታይም።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው ፍላሽ አራስ ልጅን ያሳውራል ይላል። ተራ የስልክ ፍላሽ ጤነኛ ልጅን እንደሚጎዳ የተረጋገጠ ነገር የለም። ቢጠፋ ግን ጥሩ ነው፤ ልጁን ያስደነግጠዋል፤ ለሚሠራውም ሰው ዓይን አይመችም።

ሌላ ሀገርም ተጨቃጭቀውበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሄገርስታውን ከተማ ያለ አንድ ሆስፒታል ልጅ በሚወለድበት ቅጽበት ፎቶም ቪዲዮም መከልከሉ ሀገር አቀፍ ክርክር አስነስቶ ነበር። እናቶች ፊርማ አሰባሰቡ። ሆስፒታሉ ለእናትና ለልጅ ደኅንነት፣ ለሠራተኞቹም ግላዊነት ብዬ ነው አለ። ተከራካሪዎቹ ደግሞ የክስ ፍራቻ ነው አሉ፤ ወሊድ ላይ በደረሰ ጉዳት ክስ ሲመሠረት ቪዲዮ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባልና። እዚያ ሁሉም ሆስፒታል የራሱን ደንብ ያወጣል። አንዱ ሁሉንም ይፈቅዳል። ሌላው ፎቶ ፈቅዶ ቪዲዮ ይከለክላል። ሌላው የወገብ ማደንዘዣ ሲሰጥ ወይም ቀዶ ጥገና ሲጀመር ካሜራ ይጠፋ ይላል።

እዚያ ክርክሩ በእናትና በሆስፒታል መካከል ነው። ወላዷ አብዛኛውን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ናትና። እኛ ጋ ከመጋረጃው ወዲያ ሌላ ሴት አለች። የሌላ ሀገር ደንብ ቀድቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ የማይሠራልን ለዚህ ነው። የአንዷ «አዎ» የሌላዋን «እምቢ» ይነካል።

ሕጋችን ዝም ያለ ይመስለን ይሆናል። ዝም አላለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰው የግል ሕይወት እንዲከበር ያዛል። ከዚያ በፊት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ከአንቀጽ 27 እስከ 29 ስለ ሰው ምስል ያወራል። የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛት፣ መሸጥ አይቻልም። ባለ ምስሉ ይህ እንዲቆምለት መጠየቅ ይችላል። ሕጉ ሲጻፍ ስልክ የሚባለው ነገር ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነበር። ቲክቶክ ላይ የሚሆነውን ግን በደንብ ይገልጸዋል።

ከነዚህ አንቀጾች አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ማንሳትና ማሰራጨት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አጥብቆ የያዘው ማሰራጨቱን ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት የሚከለክለው ማንሳቱን ብቻ ነው። አያቲቱ ቪዲዮውን ስልኳ ውስጥ አስቀምጣ ብቻዋን ብታየው ኖሮ እህቴ እንቅልፍ አታጣም ነበር። አንድ ጤና ጣቢያ ደንብ ሲያወጣ ከ«አታንሱ» ይልቅ «ያለ ወላዷ ፈቃድ አትልቀቁ፣ ሌላ ሰው ያለበትን አጥፉ» ቢል ወደ ሕጉም ወደ ችግሩም ይቀርባል።

ከዚህ ሌላ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ጋር ይመድበዋል። የወንጀል ሕጉም ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ የሙያ ምስጢር ሲያወጡ ይጠይቃል። እነዚህ ሁለቱ በዋናነት የሚነኩት ተቋሙንና ባለሙያውን ነው። ወደዚያው ልምጣ።

ደንቡ ስለ አስታማሚ ስልክ ሲያወራ ስለ ሠራተኛ ስልክ ዝም ይላል። በነጭ ገዋን ሆነው ከአራስ ልጅ ጋር ቲክቶክ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። ሙዚቃ ይጨመርበታል፣ ልብ ይደረደርበታል። ልጁ ቆንጆ ነው፤ ባለሙያዋም ክፉ አይደለችም። እናትየዋ ግን አንድ በር አልፋ ተኝታለች። ለየት ያለ ኬዝ ሲገጥም ደግሞ ለትምህርት ተብሎ ፎቶ ተነስቶ ግሩፕ ላይ ይላካል። እውነት ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለሳይንስና ለትምህርት ጥቅም የተለየ ቦታ ሰጥቷል። ተማሪም መማር አለበት። ነገር ግን ምጥ ላይ ያለች ሴት ሕይወቷን ለያዘ ሰው «እምቢ» ማለት ይሆንላታል? እኔ አይመስለኝም። በዚያ ሰዓት ራሷን ነቅንቃ የሰጠችው እሺታ ፈቃድ ተብሎ ባይቆጠር ደስ ይለኛል። ሠራተኛ በራሱ ስልክ ወላድንና አራስ ልጅን እንዳያነሳ መከልከል ከሁሉም የሚቀድም ደንብ ነው። እናትየዋ ከፈለገች በእሷ ስልክ ያንሱላት።

አንድ አዋላጅ እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ፤ ልረሳው አልችልም። ሌላ ጊዜ ነው፣ የጎረቤቴ ምጥ። ባሏ ሳዑዲ ነው። ልጁ ተወልዶ፣ ደሙ ተጠርጎ፣ እሷም በጋቢዋ ከተሸፋፈነች በኋላ አዋላጁ ጓንቱን አወለቀ፤ እጁን ታጠበ። «ስልክሽ የታለ?» አላት። ከራስጌዋ ቆሞ ሁለቱን ብቻ አነሳ። አንድ ፎቶ። ስልኩን መልሶ እጇ ላይ አደረገላት። ማን ጋ እንደሚሄድ የወሰነችው እሷ ናት።

ክልከላው እንዲህ ያሉትንም ይቆርጣል። ለሙስሊም ቤተሰብ በልጁ ጆሮ አዛን የሚባልበት ቅጽበት አለ፤ የራቀ አባት በስልክ እንኳ ቢሰማው ትልቅ ነገር ነው። ሌላም አለ፤ ለመጻፍ የሚከብድ። በሀገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ወደ 30 የሚጠጉት የመጀመሪያውን ወር አያልፉም። ዳር ሰፈር ላይ ልጅ ሲታመም ሪፈር ተጽፎ እንደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ወዳሉ ሆስፒታሎች ይላካል፤ እናት ሁልጊዜ ተከትላ አትሄድም፤ ተሰፍታ ተኝታ ይሆናል። ልጇን በሁለተኛ ቀኑ ያጣች ሴት አውቃለሁ። ፊቱን በደንብ አላየችውም። አንድ ፎቶ የላትም። የጠየቀችኝም ፎቶ ነው፤ ምናልባት አንስተሽ እንደሆነ ብላ። አላነሳሁም ነበር። ክልክል ነው የሚለውን ወረቀት አንብቤ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር።

ስለ በደልም መናገር አለብኝ። ወላድ የተሰደበችበት፣ በጥፊ የተመታችበት፣ ብቻዋን የተተወችበት ጊዜ እንዳለ የማያውቅ የለም። የጤና ሚኒስቴር ራሱ ከ2008 ዓ.ም. በጀመረው ዕቅድ ርኅሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ያደረገው በከንቱ አይደለም። «ካሜራ ከተከለከለ በደልን ማን ያሳያል?» የሚሉ ሰዎችን እረዳቸዋለሁ። ግን ለዚህ ከካሜራ የተሻለ መፍትሔ አለ፤ ሰው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ ምክር ውስጥ እናት የመረጠችው ሰው ከምጥ እስከ መውለድ አብሯት እንዲሆን ይላል። እናቷ ወይም ባሏ ከራስጌዋ ቆሞ እጇን የያዘላትን ሴት ማንም በጥፊ አይመታም። የሚያየው ሰው አጠገቧ ነው፤ ያየውንም ለአቤቱታ መናገር ይችላል። አንዳንድ ቦታ አብሮ የሚገባ ሰው ሲከለከል የሚሰጠው ምክንያት የሌሎች ወላዶች ግላዊነት ነው። እንግዲህ ሁሉም ዞሮ ዞሮ መጋረጃው ጋ ይመጣል።

ስለዚህ ከደንብ በፊት መጋረጃ ይገዛ። ከጣሪያ እስከ ወለል የሚደርስ፣ ወፍራም፣ የሚታጠብ። ዋጋው ከአንድ ስልክ አይበልጥም። ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትዩት። የተቀደደ መጋረጃ ባለበት ክፍል የተለጠፈ ክልከላ ወላዷን አይጋርዳትም።

ከዚያ ጥያቄው ክትትል ላይ ይምጣ። ነፍሰ ጡር ለክትትል ስትመጣ ደም ግፊቷ ይለካል፣ ደሟ ይታያል፣ የት እንደምትወልድ፣ ማን እንደሚያመጣት፣ ደም ማን እንደሚሰጣት ትጠየቃለች። በዚያው ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር። ፎቶ ትፈልጊያለሽ ወይ? ማን ያንሳሽ? መቼ? መልሷ ካርዷ ላይ ይጻፍ። ምጥ ላይ ሐሳቧን ብትቀይር የኋለኛው ቃሏ ይጽና። ባል ቢፈልግ፣ አማት ቢፈልጉ፣ እኔ እህቷ ብፈልግ የሷ ቃል ይበልጣል። ስታምጥ፣ ልጁ ሲወጣ፣ እንግዴ ልጁ ሲጠበቅ፣ ሲሰፋ ስልክ ሁሉ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። አዋላጇ «አሁን ይቻላል» ስትል ከራስጌ በኩል፣ ከወላዷ ኋላ መጋረጃው ሳይሆን ግድግዳው እንዲታይ ሆኖ ይነሳ። የሌላ ወላድ ጥግ እንኳ ከገባ ይጥፋ። ለቪዲዮ ጥሪ ደግሞ ወላዷ ወደ ማቆያ ክፍል እስክትሸጋገር ይጠበቅ። አያት ቤይሩት ሆና ዘጠኝ ወር ጠብቃለች፤ አንድ ሰዓት ትጨምራለች።

የሕፃኑ ነገር ይቀራል። እሱ አይጠየቅም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ተቋማት ስለ ሕፃናት ሲወስኑ የልጁን ጥቅም እንዲያስቀድሙ ይላል፤ በወላጅ እጅ ላይ ያለ ስልክ ግን ተቋም አይደለም። እዚህ ላይ የምለምነው እኛን ቤተሰቦችን ነው። ለዘመድ መላክ ሌላ፣ ለማያውቁት ሕዝብ መልቀቅ ሌላ ነው። ቢያንስ አራስ ቤቱ እስኪያልቅ ይቆይ።

አክስትየዋን ፈልጌ አገኘኋት። ሁለት ብሎክ አልፋ ነው የምትኖረው። ቪዲዮውን አሳየኋት፤ ያን ሁለት ሰከንድ አላየችውም ነበር። ደነገጠች። እዚያው ቆማ ቤይሩት ደወለች፤ ቪዲዮው በዚያው ምሽት ወረደ። ሰው ምን ያህል እንዳየው አልጠየቅኳትም፤ ለእህቴም የምመልስላት ቁጥር አላገኘሁም።

እህቴ አሁን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ያለፈው ሳምንት ክትትል አብሬአት ሄጄ ነበር። ፎቶን የሚጠይቅ ቦታ ካርዱ ላይ የለም። እስክሪብቶ ተቀበለችኝና ጀርባው ላይ በራሷ እጅ ጻፈች። «ፎቶ፦ እህቴ ብቻ። ከተሸፋፈንኩ በኋላ። በኔ ስልክ።» አዋላጇ አነበበችው። ምንም ሳትል ከደም ምርመራው ወረቀት ጋር በስቴፕለር አያያዘችው።